ያልበላነው ዕዳ፣ ያልፈረምነው ዋስትና
(በወረዳና በከተማ አስተዳደሮች ዕዳና ወለድ ላይ የፓርቲያችን አቋም)

የተከበራችሁ የሰቆጣ፣ የአምደ ወርቅ፣ የአስከተማ፣ የጽጽቃና የንሯቅ ከተሞች መራጮች፤

ዋስ መሆን ምን ማለት እንደሆነ ለዋግ ሕዝብ ማስተማር አያስፈልግም። በአገራችን ሰው ዋስ የሚሆነው የሚያውቀውን ሰው፣ የሚያውቀውን ገንዘብና የሚያውቀውን ቀን ቆጥሮ ነው። በሬውንና ቤቱን ለማያውቀው ብድር፣ ጣሪያው ላልተነገረው ገንዘብ የሚያስይዝ አባወራ የለም። ከ1980ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ጀምሮ ግን መንግሥት ይህንኑ በስማችን ሲያደርግ ኖሯል። ሕዝቡ ያልተጠየቀበትን ዋስትና ፈርሟል፤ ዕዳው ሲመጣም የከፈለው ከፈራሚው ኪስ ሳይሆን ከትምህርት ቤቱ፣ ከጤና ጣቢያውና ከውሃ ቧንቧው በጀት ላይ ነው። ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው ይህንን ዕዳ ገልጦ ለማሳየትና ፓርቲያችን ቢመረጥ ምን እንደሚያደርግ በግልጽ ለማሳወቅ ነው።

1/ ዕዳው ከየት መጣ?

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። ክልሉ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር በዱቤ እንዲከፋፈል ሲፈልግ ከኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ብድር እንዲለቀቅ ይጠይቃል። ባንኩ ገበሬውን አያውቀውም። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው በመባሉም የገበሬውን ማሳ በመያዣነት ሳይቀበል ኖሯል። ስለዚህ በመያዣነት የሚቀበለው የክልሉን በጀት ነው። ክልሉ ኮታውን ለወረዳ፣ ወረዳው ለቀበሌ፣ ቀበሌው ለገበሬው ያወርዳል። ዝናብ ጠፍቶ ወይም የእህል ዋጋ ወድቆ ገበሬው መክፈል ሲያቅተው፣ የቀረው ዕዳ ከነወለዱ ከክልሉ የበጀት ድጎማ ላይ ይቆረጣል። ክልሉ ደግሞ የተቆረጠበትን ወደ ወረዳዎች ያወርደዋል። በ1994 ዓ.ም. ለወረዳዎች ጥቅል በጀት መስጠት ሲጀመር «ሥልጣን ወደ ታች ወረደ» ተብሎ ተነግሮናል። በተግባር ከሥልጣኑ ቀድሞ የወረደው ዕዳው ነው።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ በአገሪቱ ከተሠራጨው ማዳበሪያ አብዛኛው በዚህ መንገድ በዱቤ የተሰጠ ነበር። በክልላችን ማዳበሪያውን ሲያቀርቡ ከነበሩት አንዱ በወቅቱ ከገዥው ፓርቲ ጋር የተቆራኘው አምባሰል ነበር። መራጩ ይህንን ልብ ብሎ እንዲያየው እንጠይቃለን። አቅራቢው የፓርቲ ወገን ነው፤ ተበዳሪው ድሃ ገበሬ ነው፤ ዋሱ የሕዝብ በጀት ነው። በእንዲህ ያለ ንግድ ሻጩ የሚከስርበት መንገድ የለም። በ1994 ዓ.ም. ምርት ስለበዛ የበቆሎ ዋጋ በመላ አገሪቱ ወደቀ። ገበሬው ያመረተውን ሸጦ የማዳበሪያውን ዋጋ መመለስ አቃተው፤ ክልሎችም ያልተሰበሰበውን ብድር ለባንክ ከበጀታቸው ለመክፈል ተገደዱ። በማግስቱ የ1995 ዓ.ም. ድርቅ ተከተለ። ከዚህ ሁሉ በኋላ ዋስትናው ለምን በዚሁ መልክ እንደቀጠለ ለሕዝብ የተሰጠ አጥጋቢ መልስ የለም።

የዋግ ጉዳይ ደግሞ ከሌላው የባሰ ነው። ማዳበሪያ ውሃ ይፈልጋል። ከተከዜ ተፋሰስ እስከ ደሃና ደጋ ያለው መሬታችን የሚጎድለው በመጀመሪያ እርጥበት ነው። ይህንን የማያውቅ ባለሥልጣን ሊኖር አይችልም፤ በገዛ ከተማችን በሰቆጣ ለደረቅ መሬት ግብርና የተቋቋመ የምርምር ማዕከል አለና። ሆኖም ዝናብ ከማይጠፋበት አገር ጋር በአንድ የኮታ ሚዛን ተመዘንን። በ1997 ዓ.ም. የሴፍቲኔት ፕሮግራም ሲጀመር የቤተሰብ ፓኬጅ ብድርም አብሮ መጣ። ገበሬው ፍየልና የንብ ቀፎ በብድር ወሰደ። ፍየሉ በድርቅ ሲሞት ዕዳው ግን አልሞተም።

2/ ወለዱን የሚከፍለው ማን ነው?

የከተማ ነዋሪ «እኔ ማዳበሪያ አልወሰድኩም፤ ይህ የገበሬ ጉዳይ ነው» ሊል ይችላል። የወረዳው በጀት ግን አንድ ነው። የወረዳ በጀት አብዛኛው ደመወዝ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ለሥራ ማስኬጃ፣ ማለትም ለመድኃኒት፣ ለጠመኔ፣ ለነዳጅና ለቧንቧ ጥገና የሚተርፈው ትንሽ ነው። ዕዳ ሲቆረጥ መጀመሪያ የሚነካው ይህ ትንሹ ነው። እሱ ሲያልቅ ወደ ደመወዝ ይደርሳል።

ይህ ግምት አይደለም። በ2015 እና በ2016 ዓ.ም. በቀድሞው የደቡብ ክልል ሥር በነበሩ አካባቢዎች፣ በወላይታና በሃድያ ዞኖች ጭምር፣ መምህራንና የጤና ባለሙያዎች ደመወዛቸው ለወራት ተቋርጦባቸው አደባባይ ወጥተዋል። ከተሰጡት ምክንያቶች አንዱ የማዳበሪያ ዕዳ ከወረዳዎቹ በጀት ላይ መቆረጡ ነበር። ማዳበሪያ በእጁ ነክቶ የማያውቅ መምህር የማዳበሪያን ዕዳ በደመወዙ ከፈለ ማለት ነው። ዕዳ ከሜዳ የሚባለው ይኸው ነው።

የደመወዝ መቋረጥ በአንድ መምህር ቤት ብቻ አይቆምም። መምህሩ ስኳርና ዘይት ከሰፈሩ ሱቅ በዱቤ ይወስዳል። ባለሱቁ ገንዘቡ እጁ ካልገባ የወልድያና የደሴን አከፋፋይ መክፈል አይችልም። የቤት ኪራይ ይዘገያል፤ ምግብ ቤቱ ይቀዘቅዛል፤ የቀን ሠራተኛው ሥራ ያጣል። በወሩ መጨረሻ የወረዳው ዕዳ በባለሱቁ የዱቤ መዝገብ ላይ ተጽፎ ይገኛል። ግብር ሰብሳቢው ግን ያንን መዝገብ አያይም።

ወለድ የሚሠራውን ደግሞ በምሳሌ እናስላ። አንድ ወረዳ 20 ሚሊዮን ብር ያልተሰበሰበ ብድር አለበት እንበል፤ ወለዱም በዓመት 15 በመቶ ይሁን። በመጀመሪያው ዓመት የሚጨመረው 3 ሚሊዮን ብር ነው። ዕዳው ሳይነካ ወለድ በወለድ ላይ እየተደመረ ከሄደ በአምስተኛው ዓመት መጨረሻ ከ40 ሚሊዮን ብር ያልፋል። በእነዚያ አምስት ዓመታት ውስጥ አንድም ተጨማሪ ኩንታል ማዳበሪያ ወደ ወረዳው አልገባም፤ አንድም ክፍል አልተሠራም። ዕዳው ግን ከእጥፍ በላይ ሆኗል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 1751 ሕጋዊውን ወለድ በዓመት 9 በመቶ ያደረገው፣ በአንቀጽ 2479 ደግሞ ተዋዋዮች ከ12 በመቶ በላይ እንዳይስማሙ የከለከለው ያለ ምክንያት አልነበረም። ሕግ አውጪው የአራጣን ጠባይ ያውቅ ነበር። ባንኮች ዛሬ በሌላ ደንብ እንደሚሠሩ እናውቃለን። ሆኖም ለግለሰብ አራጣ የተባለው ቁጥር በሕዝብ በጀት ላይ ሲመጣ ለምን አስተዳደራዊ ጉዳይ ብቻ ተደርጎ እንደሚታለፍ መጠየቅ መብታችን ነው።

3/ ሕጉ ምን ይላል?

በሕግ ስም ይህ ሁሉ ትክክል ነው ለሚሉን የምንመልሰው በራሱ በሕጉ ነው።

ሀ/ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 51 ንዑስ አንቀጽ 7 ክልሎች ከአገር ውስጥ ምንጮች የሚበደሩበትን ሁኔታ የመወሰን ሥልጣን ለፌዴራሉ መንግሥት ሰጥቷል። ይህም ማለት ክልል ያለ ፌዴራሉ መንግሥት ዕውቅና አይበደርም ማለት ነው። ፈቃጁ ፌዴራል፣ ፈራሚው ክልል ሆኖ ሳለ ከፋዩ ወረዳና ከተማ ብቻ የሚሆንበት ፍትሐዊ ምክንያት የለም።

ለ/ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1922 ዋስትና በግምት አይወሰድም፤ በግልጽ መሰጠት አለበት፤ ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛ የገንዘብ መጠን ካልተወሰነም ውሉ አይጸናም ይላል። አንድ ሸማኔ ለጎረቤቱ ዋስ ሲሆን ይህ ጥበቃ አለው። እኛ የምንጠይቀው የሰቆጣ ከተማ ሕዝብ ከአንድ ሸማኔ ያነሰ ጥበቃ እንዳይኖረው ነው። በስሙ የተሰጠው ዋስትና ጣሪያው ስንት እንደሆነ በአደባባይ ይነገረው።

ሐ/ አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ በሆነ መንገድ መከናወን አለበት ይላል። አንቀጽ 50 ንዑስ አንቀጽ 4 ደግሞ ለዝቅተኛው የአስተዳደር እርከን በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ያዝዛል። በበጀቱ ላይ የተጣለውን ዕዳ የማያውቅ ምክር ቤት በቂ ሥልጣን አለው ሊባል አይችልም። የብሔረሰብ ምክር ቤታችን የዋግ ኽምራ ሕዝብ የራስ አስተዳደር መገለጫ ነው ከተባለ፣ ዕዳውን መርምሮ ድምፅ ሳይሰጥበት አንድ ሳንቲም ሊቆረጥ አይገባም።

መ/ አንቀጽ 94 ንዑስ አንቀጽ 2 የፌዴራሉ መንግሥት ለክልሎች ለአስቸኳይ ጊዜ፣ ለመልሶ ማቋቋምና ለልማት ድጋፍ ወይም ብድር ሊሰጥ እንደሚችል ይገልጻል፤ ይህም የክልሎችን ተመጣጣኝ ዕድገት እንዳያደናቅፍ ያስጠነቅቃል። በጦርነትና በድርቅ የተጎዳ አካባቢ ዕዳ ይሰረዝ ስንል ከሕገ መንግሥቱ ውጭ ያለ ልመና አናቀርብም።

4/ ለትልቁ አንድ ሕግ፣ ለትንሹ ሌላ ሕግ

ገዥው ፓርቲ «ዕዳ መከፈል አለበት፤ ካልተከፈለ ባንኩ ይወድቃል» ይላል። በመርህ ደረጃ እንስማማለን። ነገር ግን ይህ መርህ በሁሉም ላይ እኩል ይሠራ እንደሆነ እንይ።

በስኳር ፋብሪካዎች፣ በባቡርና በብረታ ብረት ኢንተርፕራይዞች ስም የተወሰደው ብድር ሳይመለስ ሲቀር፣ መንግሥት በ2013 ዓ.ም. የዕዳና ሀብት አስተዳደር ኮርፖሬሽን አቋቁሞ ዕዳውን ከኢንተርፕራይዞቹ ላይ አነሣላቸው። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ለኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ማካካሻ ወደ 900 ቢሊዮን ብር የሚጠጋ የመንግሥት ቦንድ ተፈቀደ። በዚህ ምክንያት ደመወዙ የተቆረጠበት የስኳር ኮርፖሬሽን ሥራ አስኪያጅ አልሰማንም። በዚያው ባንክ መዝገብ ላይ ያለው የማዳበሪያ ዕዳ ግን የመምህር ደመወዝ ያስቆርጣል፤ የሰሐላን ገበሬ በሬ ያሸጣል። ትልቅ ዕዳ ያለበት ይቅርታ ሲያገኝ ትንሽ ዕዳ ያለበት የሚታሠርበት ሥርዓት የሕግ የበላይነት ያለበት ሥርዓት ሊባል አይችልም።

በውጭ ዕዳም ያየነው ይኸው ነው። በ2007 ዓ.ም. አገሪቱ በ6.625 በመቶ ወለድ 1 ቢሊዮን ዶላር በዩሮቦንድ ተበደረች። በየስድስት ወሩ ወደ 33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ሲከፈል ቆይቶ በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. መክፈል ቆመ። እስከዚያ ድረስ የተከፈለው ወለድ ተደምሮ ከ550 ሚሊዮን ዶላር ያልፋል፤ ዋናው ገንዘብ ግን አንድ ዶላር እንኳ አልቀነሰም ነበር። በ2018 የበጀት ዓመት የፌዴራሉ መንግሥት ካጸደቀው 1.93 ትሪሊዮን ብር ውስጥ ለዕዳ ክፍያ የተያዘው ከ450 ቢሊዮን ብር በላይ ሲሆን፣ ለክልሎች ሁሉ የተመደበው ድጎማ ወደ 315 ቢሊዮን ብር ገደማ ነው። የአገሪቱ ክልሎች በሙሉ ተደምረው ከአበዳሪው ያነሰ ያገኛሉ ማለት ነው። ከዚያ ከቀነሰው ድጎማ ላይ ነው እንግዲህ የወረዳ ዕዳ እንደገና የሚቆረጠው።

ለዋግ ይህ የቁጥር ጨዋታ አይደለም። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. የሕፃናትን መቀንጨር በ2030 እ.ኤ.አ. ለማስወገድ የወጣው ቃል ኪዳን «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ተብሎ በከተማችን ስም ተሰይሟል። ስማችን በአገር ሁሉ ሲጠራ ደስ ብሎናል። ነገር ግን ቃል ኪዳኑን በሥራ የሚተረጉመው በየቀበሌው ያለችው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት። የእርሷ ደመወዝና የሥራ ማስኬጃዋ በዕዳ የሚነካ ከሆነ፣ ቃል ኪዳኑን የፈረመው እጅ መልሶ አፈረሰው ማለት ነው።

በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ሰቆጣ በታጣቂዎች እጅ ወድቃ ነበር። ከአበርገሌና ከጻግብጂ የተፈናቀሉ ወገኖቻችን በሰቆጣና በወለህ ተጠልለው ኖረዋል። በ2015 እና በ2016 ዓ.ም. በሰሐላ፣ በዝቋላና በአበርገሌ ድርቅ ሰውንና ከብትን ጎዳ። ከማሳው የተባረረ ገበሬ ማሳው ላይ የጣለውን ማዳበሪያ ዕዳ ከነወለዱ ይክፈል ማለት፣ እርሱ ሲያቅተውም ለተፈናቃዩ ዳቦ ያካፈለው የከተማ ሕዝብ ይክፈል ማለት ከሕግም ከሕሊናም ውጭ ነው።

5/ የሚሰጡን መልሶችና የእኛ ምላሽ

«ዋስትናው ከቀረ ባንክ ለገበሬ አያበድርም፤ ማዳበሪያም አይገባም» ይሉናል። እኛ ብድር ይቁም አላልንም። ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ የማዳበሪያ ዋጋ እንዴት እንደናረ እናውቃለን፤ ያለ ብድር የሚገዛ ገበሬ ጥቂት ነው። የምንለው የድርቅን አደጋ ገበሬውና ወረዳው ብቻ ሊሸከሙት አይገባም ነው። አበዳሪው ባንክ፣ ፈቃጁ ፌዴራልና ፈራሚው ክልል ድርሻቸውን ይሸከሙ። አበዳሪ ከኪሳራው ምንም ድርሻ ከሌለው ብድሩ ይመለስ አይመለስ አይጨነቅም፤ ኮታ ሰጪውም እንዲሁ።

«ዕዳ ከተሰረዘ ነገ የሚከፍል አይኖርም» ይሉናል። ይህ ስጋት መሠረት አለው። ስለዚህ ሁሉም ዕዳ ይሰረዛል ብለን ለምርጫ ስንል አንዋሽም። መክፈል የሚችል ይክፈል፤ በወቅቱ የከፈለ ገበሬም እንደ ሞኝ እንዳይቆጠር የወለድ ቅናሽ ያግኝ። የሚሰረዘው ጦርነትና ድርቅ ያመጣው፣ በገለልተኛ ኦዲት የተረጋገጠ ዕዳ ብቻ ነው።

«ከተሞች ገቢያቸውን ያሳድጉ» ይሉናል። በጥር 2017 ዓ.ም. የንብረት ታክስ አዋጅ ጸድቋል። የከተማ ነዋሪ በቤቱ ላይ ተጨማሪ ግብር እንዲከፍል ከመጠየቁ በፊት፣ የሚከፍለው ለመንገዱና ለውሃው እንጂ ለማያውቀው ወለድ አለመሆኑ ይረጋገጥለት። ከተሞች ለውሃ ሥራ ከውሃ ልማት ፈንድ የሚበደሩበት ሥርዓት ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። በዚያ ብድር ቢያንስ የሚታይ ውሃ አለ፤ ከፋዩም ተጠቃሚው ነው። ዕዳ ሁሉ ክፉ አይደለም። ክፉው ሕዝብ የማያውቀው፣ ገቢ የማያመጣና ጣሪያ የሌለው ዕዳ ነው።

6/ ፓርቲያችን ምን ያደርጋል?

በሕዝብ ድምፅ ብንመረጥ የሚከተሉትን ለመፈጸም ቃል እንገባለን፤

1ኛ/ የዕዳ መዝገብ። እያንዳንዱ ወረዳና ከተማ አስተዳደር ያለበት ዕዳ፣ ወለዱ፣ የተቆረጠበት ገንዘብና ዋስትናውን የፈረመው ኃላፊ ስም በየዓመቱ በአማርኛና በኽምጣና ተጽፎ በማዘጋጃ ቤትና በቀበሌ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል።

2ኛ/ የምክር ቤት ፈቃድ። የገንዘብ ጣሪያው ያልተወሰነ፣ በሚመለከተው ምክር ቤት በግልጽ ድምፅ ያልጸደቀ ዋስትና እንዳይሰጥ በሕግ ይከለከላል። ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ በጎረቤታችን በኬንያ የ2010 እ.ኤ.አ. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 212 የካውንቲ መንግሥት ያለ ካውንቲው ምክር ቤት ፈቃድና ያለ ብሔራዊው መንግሥት ዋስትና እንዳይበደር ይደነግጋል።

3ኛ/ የማይነካ በጀት። ለደመወዝ፣ ለመድኃኒት፣ ለትምህርትና ለመጠጥ ውሃ የተመደበ ገንዘብ ለዕዳ እንዳይቆረጥ ይደረጋል። ከቀረው ላይም በዓመት ሊቆረጥ የሚችለው መጠን በሕግ ይወሰናል።

4ኛ/ የድርቅ ደንብ። ድርቅ በይፋ በታወቀበት ዓመት ወለድ መቁጠር ያቆማል፤ የዋናው ብድር መክፈያም ወደሚቀጥለው መኸር ይተላለፋል። ኪሳራውም በባንክ፣ በክልልና በፌዴራል መንግሥት መካከል አስቀድሞ በውል በተወሰነ ድርሻ ይከፈላል።

5ኛ/ የጦርነት ዘመን ዕዳ። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በጦርነቱ በተጎዱ ወረዳዎች የተከማቸው ዕዳ በገለልተኛ ኦዲተር ይመረመራል፤ ከአቅም በላይ መሆኑ የተረጋገጠው በአንቀጽ 94 መሠረት በፌዴራሉ መንግሥት እንዲሸፈን በተወካዮች ምክር ቤት እንታገላለን።

6ኛ/ ለዋግ የሚሆን ብድር። በኮታ ማዳበሪያ ማደል ይቀራል። ብድሩ ለአካባቢው ለሚስማማ ሥራ፣ ለመስኖ፣ ለውሃ ማቆርና ለእርጥበት እቀባ፣ ለአበርገሌ ፍየል እርባታና ለዋግ ማር በገበሬው ምርጫ ይሰጣል። በሬ በማሸጥና በማሠር ዕዳ መሰብሰብ ይከለከላል፤ ክርክር ያለበት ዕዳ በፍርድ ቤት ይታይ።

ወገኖቻችን፤

የምርጫ ቅስቀሳ ሲደረግ መንገድ፣ መብራትና ፋብሪካ ቃል የሚገባ ብዙ ነው። ከእያንዳንዱ ተወዳዳሪ፣ ከእኛም ጭምር፣ ሦስት ጥያቄዎች ጠይቁ። ወረዳችን ስንት ዕዳ አለበት? ወለዱ በዓመት ስንት ነው? ፈራሚው ማን ነው? እነዚህን ለመመለስ ፈቃደኛ ያልሆነ ተወዳዳሪ በስማችሁ እንደገና ሊፈርም የመጣ ነውና ድምፃችሁን አትስጡት። የድምፅ መስጫ ካርዳችሁ ማንም አስገድዶ በመያዣነት ሊወስደው የማይችል ንብረታችሁ ነው። በሰላም፣ በሥርዓትና በሕግ ተጠቀሙበት።

ሕዝብ ሳይጠየቅ ዋስ አይሁን!
የመምህርና የሐኪም ደመወዝ የዕዳ መክፈያ አይሁን!

የፓርቲው ጽሕፈት ቤት
ሰቆጣ